መቶ ሃያ ላይ የቀረች መርፌ

ሰው ለትዳር ሲነሳ ቤቱን ቀለም ያስቀባል፣ ሙሉ ልብስ ያሰፋል፣ ጥርስ የጎደለውም ጥርሱን ያስተክላል። እኔ የመኪና ፍጥነት ቆጣሪ አስጠገንኩ። ይህን ስናገር "ቆጣሪና ጋብቻን ምን አገናኛቸው?" የማይለኝ ሰው የለም። እኔም ያን ክረምት ኮልፌ ጭቃ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የመኪናዬን ሆድ ሳይ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከውጭ ሲያዩዋት አንድ ሰው የምትይዝ የምትመስል፣ ውስጥ ሲገቡ ግን ግማሽ ሰው የምትይዝ ናት። የዝናብ መጥረጊያዋ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በተሳፋሪው በኩል ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ መንገዱን የማየት ዕድል ያለው ከእኔ ይልቅ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ነበር። ኋላ እሱም ተሰበረና እኩል ሆንን። የፍጥነት ቆጣሪዋ መርፌ ደግሞ ከመግዛቴ በፊት ጀምሮ መቶ ሃያ ላይ ቆማ ቀርታለች። ስትቆምም መቶ ሃያ፣ ስትሄድም መቶ ሃያ፣ ስትገፋም መቶ ሃያ። ከዳሽቦርዱ ዕቃ ሁሉ በደህና የሚሠራው ይህችን መርፌ የሚያበራላት ትንሽ አምፖል ብቻ ነበር።

እኔን አላስጨነቀኝም። ዘመኑ ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ አንዱ ሳምንት ለሙሉ ቁጥር፣ አንዱ ሳምንት ለጎዶሎ ቁጥር ታርጋ የሚፈቀድበት ነው። እንኳን ለመፍጠን ለመንቀሳቀስም ወረፋ ነበር። በዚያ ላይ ራሴን ከሰፈሩ ረጋ ብለው ከሚነዱት አንደኛ አድርጌ እቆጥር ነበር። ለካ የሚቆጥርልኝ ስላልነበረ ነው።

ጽጌ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናት። እወዳታለሁ። እንዴት እንደተዋደድን አልነግራችሁም፤ እሷ አሁንም ታይፕ ማንበብ ትችላለች። ችግሩ አባቷ አቶ ወርቅነህ ነበሩ። ጎጃም ተወልደው ኮልፌ ያረጁ፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኛነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሰው ቢምልላቸው አያምኑም፤ ቁጥር ከሆነ ግን ግድግዳ ላይ በከሰል ተጽፎ ቢያገኙትም ያምናሉ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት በመልካም ዓይን እንዲያዩኝ አጋጣሚ እፈልግ ነበር።

አጋጣሚው በሐምሌ መጣ። ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። አቶ ወርቅነህ ጃንጥላቸው ተገልብጦባቸው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጥግ ላይ ቆመው አየኋቸው። እግዜር የላከልኝ መሰለኝ። መኪናዋን አቁሜ፣ ወርጄ፣ በሩን ከፍቼ (ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም)፣ "ይግቡ አባባ" አልኳቸው። ገቡ። ጋቢያቸው ሲተንና የእኔም ትንፋሽ ሲጨመር መስታወቱ ሁሉ በጉም ተሸፈነ። ዳገቱን ጀመርን። መኪናዋ እያቃሰተች ትሳባለች። እንጨት የጫኑ አህዮች ደርሰውብን አለፉን፤ ባለቤታቸውም ሲያልፍ በመስኮቴ በኩል በሐዘኔታ ተመለከተኝ። ይህን ያየሁት ግን በእጄ የጠረግኳት ትንሽ ቀዳዳ የነበረችኝ እኔ ብቻ ነኝ። አቶ ወርቅነህ የሚታያቸው አንድ ነገር ነበር፤ ያቺ አምፖልና ያቺ መርፌ።

"ይህ ቁጥር የምንድን ነው?" አሉኝ።

የፍጥነት መሆኑን ነገርኳቸው። በሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። በሰዓት ነው አልኩ። በአንድ እጃቸው በሩን፣ በሌላው ወንበሩን ይዘው ከንፈራቸውን ለጸሎት ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ደንግጬ መርፌዋ የተበላሸች መሆኗን፣ ገና ስገዛት እንዲህ እንደነበረች፣ እንዲያውም እየሄድን ነው ለማለት እንኳን እንደሚከብድ አስረዳሁ።

"ታዲያ በስንት ነው የምንሄደው?"

"ቀስ ብለን ነው አባባ።"

"ቀስ ማለትህን ማን ለካው?" አሉኝ። ከቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ እግራቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ነው ያመነው።

ሽማግሌዎቼን የላክሁት ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ነው። መሪያቸው የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ሳምንቱ የእኔ ታርጋ ተራ ስላልነበረ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው ሄዱ። እኔ ቤት ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ሲመለሱ ጋሽ ደምሴ ጫማቸውን ደፍ ላይ እየጠረጉ የአቶ ወርቅነህን መልስ ነገሩኝ። ልጁን አልጠላሁትም፣ ዘሩም ደህና ነው ብለዋል። ነገር ግን በመቶ ሃያ የሚነዳ ሰው ልጄን ይዞ ወዴት ነው የሚቸኩለው? ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ተመለሱ።

ጋሽ ደምሴ አልከፋቸውም። እንዲያውም በደስታ እጃቸውን ያፋትጉ ነበር። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን ገፍቶ ሰጠ እንዳይባል ምክንያት ይፈልጋል፤ አንዱ ዕድሜዋ አልደረሰም ይላል፣ አንዱ ወንድሟ ክፍለ ሀገር ነው ይላል፣ እኚህ ደግሞ መርፌዋን አገኙ፤ ቀጠሮ መስጠታቸው ራሱ እሺታ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ አሉኝ።

እኔ ግን አላረፍኩም። ዕድሜ አይጠገንም፣ ወንድምም ከክፍለ ሀገር አይጎተትም፤ የእኔ ምክንያት ግን በቁልፍና በካቻቢቴ የሚፈታ ነው ብዬ አሰብኩ። ጽጌን የማጣው በአንዲት መርፌ ከሆነ መርፌዋን እነቅላታለሁ አልኩ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ይዘው "ሰው ለወግ የተናገረውን ይዘህ ጋራዥ ልትገባ ነው?" አሉኝ። ገባሁ።

ጋራዡ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ያለው የጋሽ በቀለ ጋራዥ ነው፤ ጋራዥ ያልነው ቆርቆሮ ስላለው ነው። ጋሽ በቀለ ደግ ሰው ናቸው፤ ጉድለታቸው አንድ ነው፣ መኪና ሲታመም ምርመራቸውን የሚጀምሩት ከደህናው በኩል ነው። በዚያ ላይ ጎረቤታቸው ሥጋ ቤት ነው። ጾም ስለሆነ ሉካንዳው ተዘግቶ ባለሉካንዳው ሥራ ፈትቷል፤ ከጠዋት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መኪናዬን ይመረምር ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የቆጣሪዋ ነው ተባለ። ጋሽ በቀለ ፈተው ሲያወጧት መርፌዋ ያን ሁሉ ዓመት እንዳልተቸነከረች ሁሉ ተንሸራታ ዜሮ ላይ ዱብ አለች። ደስ አለኝ። ይበቃል፣ ዜሮ ለአማት የሚመች ቁጥር ነው፣ መልሰው ይግጠሟት አልኳቸው። ጋሽ በቀለ ግን ሰውየው ዜሮ ሲያዩ "ተነስተናል ወይ?" ብለው ይጠይቁሃል አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ ሌላ ቆጣሪ ገዛሁ። ለካ የጭነት መኪና ኖሯል፤ ከቀዳዳው ሰፍቶ በካርቶን ደግፈን ስናስገባው መኪናዬ ፊቷ ሁሉ ሰዓት ሆነ። እሱም አልተንቀሳቀሰም።

እንግዲያው ጥፋቱ የሽቦው ነው ተባለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት አለች፤ እሷ ስትዞር ረጅም ሽቦ ታዞራለች፣ ሽቦው ደግሞ መርፌዋን ያነሳል። ሽቦውን ስንስበው ግማሹ ብቻ መጣ። አዲስ ሽቦ በዚያን ጊዜ በሱቅ መጠየቅ ወርቅ ከመጠየቅ አይለይም። ጋሽ በቀለ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ለኩ፣ ቆረጡ፣ አስገቡ። ከሠፈሩ ሳልወጣ መርፌዋ ተነሳች። ደግሞ ምን መነሳት ነው፤ ከአሥር ወደ መቶ ትዘላለች፣ ከመቶ ወደ አሥር ትወድቃለች፣ በየመሃሉም ቀጭ ቀጭ ትላለች። ባለሉካንዳው ለሠርግ ትሆናለች፣ ከአሁኑ እስክስታ ጀምራለች አለ።

በመጨረሻ ጥፋቱ የሁሉም ሆነ። የካምቢዮዋ ብረት ጥርሷ አልቋል፣ ሽቦውም ቆጣሪውም የዚያችው መኪና ዓይነት መሆን አለበት። ጋሽ በቀለ አሰቡ፣ አሰቡና ቀራንዮ አንዲት ወይዘሮ ግቢ ውስጥ እንደ እኔዋ ያለች፣ ጎማዎቿን አውልቃ የተቀመጠች መኪና ማየታቸው ትዝ አላቸው። ቁልፎቻችንን ይዘን ሄድን። መኪናዋ አለች። ዕቃው ሁሉ አለ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ግን ዶሮ ታቅፋለች።

ወይዘሮዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ጠላ አቀረቡልን፣ ዕቃውንም እንደምናገኝ ቃል ገቡልን። ዶሮዋ ሳትፈለፍል ግን መኪናዋን መነካካት አይሆንም አሉ። መዶሻ ከሰማች ትነሳለች፣ ከተነሳች ዕንቁላሉ ይበላሻል። እኔ ከወንበሩ ሥር ነው የምንሠራው፣ ዶሮዋን አንነካትም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ በቀለም ለዶሮዋ ደንታ እንዳላቸው ለማሳየት ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። ወይዘሮዋ እኔን ትኩር ብለው አይተው ለምን እንደምቸኩል ጠየቁኝ። ለትዳሬ ነው አልኳቸው። እሷም ለልጆቿ ነው አሉኝ።

እንግዲህ ያን ጾም እንዴት እንዳሳለፍኩት አስቡት። ሌላው ሰው ለእመቤታችን ሱባዔ ገብቶ ሲጸልይ እኔ አንዲት ዶሮ ተመችቷት እንድትቀመጥ ስጸልይ ከረምኩ። በየሁለት ቀኑ ቀራንዮ እየሄድኩ በመስኮት አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች። ጽጌ ቢሮ ውስጥ "ምን ደረሰ?" ትለኛለች፤ እኔም "ገና አልፈለፈለችም" እላታለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስለ ምን እንደምናወራ ለማወቅ ይጠባበቅ ነበር። ጽጌ በሳቅ ብታልፈውም አንድ ቀን ግን አባቷ የምራቸውን ይሁን ለወግ እሷም መለየት እንዳቃታት ነገረችኝ።

ጾሙ ሲፈታ ዶሮዋም ፈለፈለች። ጫጩቶቹ ከመሪው ሥር ሲወጡ እንደ አባት ቆሜ አየሁ። ጋሽ በቀለም ቆጣሪውን፣ ሽቦውንና የካምቢዮውን ባለ ጥርስ ብረት ነቅለው የእኔዋ ላይ ገጠሙ። ለሙከራ የሚቃጠል ቤንዚን ስላልነበረ መኪናዋን በክሪክ አነሱና ሞተሩን አስነስተው ጎማዋን አየር ላይ አሽከረከሩት። መርፌዋ ከዜሮ ተነስታ በጨዋነት ወጣች፣ በጨዋነት ወረደች። ባለሉካንዳው ቢላዋውን አስቀምጦ አጨበጨበ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ጋሽ ደምሴና ጓደኞቻቸው በቀጠሯቸው ሄዱ። አቶ ወርቅነህ ቆጣሪው መሠራቱን ሰምተው ኖሯል፤ ዶሮዋን ሳይቀር። ለመድኃኔዓለም ዕለት ልጁ ራሱ ቀራንዮ አድርሶ ይመልሰኝ፣ እናንተም ቤቴ ጠብቁኝ፣ ቁርጡን ያኔ እነግራችኋለሁ አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን አላፋተጉም። እንዲህ ያለ ነገር በሽምግልና ዘመናቸው ገጥሟቸው አያውቅም።

ስንሄድ እንዲያ ተጠንቅቄ የነዳሁበት ሌላ ቀን የለም። ዓይኔን ከመርፌዋ አልነቀልኩም። ሃያ ላይ ይዣታለሁ። ሃያ አንድ ስትል ፍሬን፣ አሥራ ዘጠኝ ስትል ነዳጅ። መንገዱን ስላላየሁት የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፌ ሄድኩ፤ አቶ ወርቅነህ ትከሻዬን ነክተው መለሱኝ። ግን ደስ ብሏቸዋል። ቁጥሩን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ስንመለስ ሰማዩ ጠራ። ያን ሁሉ ሰሞን ደመና ውስጥ የከረመች ፀሐይ ብቅ አለች፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ መኪና የሚባል የለም። አቶ ወርቅነህ ጠበል ጠጥተዋል፣ ፊታቸው ፈክቷል፤ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ አባታቸው በቅሎ፣ ጽጌ ትንሽ ሳለች ቁጥር ስላስተማሯት ያጫውቱኝ ጀመር። "ልጄ" አሉኝ። ልጄ ያሉኝ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። እኔ መሪ ይዤ አልነበረም፤ ሠርጌ ላይ ነበርኩ። ድንኳኑን ተክዬ፣ እንግዳውን አስቀምጬ፣ ሙሽራዋን ላስገባ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ይህች ቆጣሪ አሁን እውነት ትናገራለች?"

"አባባ፣ የዛሬውን መድኃኔዓለምን፣ አንድ ቁጥር አትሳሳትም።"

"እንግዲያው እያት" አሉኝ፣ በቀስታ።

አየኋት። ዘጠና።

እግሬ ነዳጁ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። ለካ ሰውነቴ ደስ ሲለው የሚነዳው እንዲህ ነው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ረጋ ብዬ እነዳለሁ ስል የኖርኩት የሚመሰክርብኝ አጥቼ ነው። እግሬን አነሳሁ። መርፌዋ እየወረደች ሳለ አቶ ወርቅነህ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምናልባት ተበላሽታ ይሆን?" አሉኝ።

የማምለጫ በር እየከፈቱልኝ ይሁን እየዘጉብኝ አላወቅኩም። ተበላሽታለች ብል በምሽት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ በመድኃኔዓለም ምዬ መዋሸቴ ነው። ደህና ናት ብል ጽጌን አጣለሁ።

"ደህና ናት አባባ" አልኩ። "የተበላሸሁት እኔ ነኝ።"

እንዳቆም በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው። ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውን ያዙና በእግራቸው መሄድ ጀመሩ።

ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ያደርጋል? ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ቀድሞ መሄድ ደግሞ ድፍረት ነው። በአንደኛ ማርሽ ከኋላቸው ተከተልኩ። መርፌዋ ከታች ትንሽ ነቅነቅ ትላለች እንጂ አትነሳም። አቶ ወርቅነህ የሚያውቁት ሰው ሲያገኙ ይቆማሉ፤ እኔም እቆማለሁ። እሳቸው የሰውየውን ቤተሰብ አንድ በአንድ፣ ከብቱንም ጭምር እስኪጠይቁ እጠብቃለሁ። ሱቅ ገብተው ክብሪት ገዙ፤ ጠበቅኳቸው። ኩሬ ያለበት ቦታ ሲደርሱ እንዳልረጫቸው ከሩቅ ቆሜ፣ ዞረው እስኪያልፉ ቆየሁ። ሰው ከየበሩ እየወጣ ያየናል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስንደርስ ባለሉካንዳው ቢላዋውን እንደያዘ ወጣና በመስኮቴ ጎንበስ ብሎ "ምነው፣ ቆጣሪዋ እንቢ አለች?" አለኝ።

"አይ፣ ሠራች" አልኩት። ልቅሶዬ ሊመጣ ነበር።

ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ደምሴና ሽማግሌዎቹ ወጥተው ቆመዋል። ጽጌም ከኋላቸው አለች። አባቷ በእግር፣ እኔ ከኋላ በመኪና ስንመጣ ስታይ መቀነቷን ጨብጣ ቀረች። ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ቆምኩ።

አቶ ወርቅነህ ከዘራቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ፣ "ከመኪናው ስወርድ አልሰጥም ብዬ ነበር" አሉ። "ሱቁ ጋ ስደርስም አልሰጥም እንዳልኩ ነኝ። ኩሬው ጋ ግን ሳስበው፣ ይህ ሰው ፍጥነቱን ሲነግሩት የሚሰማ ነው። የእኔን የሽማግሌውን እርምጃ ይህን ያህል ከጠበቀ የልጄንም ይጠብቃል። ሰጥቻለሁ።"

ጋሽ ደምሴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ጽጌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የአቶ ወርቅነህን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ከኋላዬ መኪናዬ ሁለት ጊዜ ሳለችና ጸጥ አለች። በአንደኛ ማርሽ ያ ሁሉ መንገድ ተሂዶ ቤንዚን ይተርፋል እንዴ?

የበሩን መግቢያ ስለዘጋች መግፋት ግድ ሆነ። እኔ መሪ ያዝኩ፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከኋላ ገቡ፤ ጽጌም ጫማዋን አውልቃ መጣች። አማቼ በመስኮቴ በኩል እየገፉ ነበር። ትንሽ እንደሄድን አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና፣

"አሁንስ ስንት ትላለች?" አሉኝ።

"ዜሮ ናት አባባ።"

"ጎበዝ። እንደዚሁ ያዛት" አሉና እንደገና ገፉ።